ጥቁሩ የተራራ ሳላማንደር፤ አመዳደቡና የሚገኝበት አገር

እንስሳትን በወገንና በዝርያ መመደብ ለብዙዎቻችን የፈተና ዕዳ ነው። በፈተና ዋዜማ የላቲኑን ስም በቃላችን እንይዛለን፤ ፈተናው ባለፈ ማግስት ደግሞ እንረሳዋለን። «ይህ ሁሉ ስም ምን ይጠቅማል? እንስሳው እንደ ሆነ ስም ቢወጣለትም ባይወጣለትም በዱሩ ይኖራል» የሚለውን ክርክር በምግብ አዳራሽም በመኝታ ቤትም ያልሰማ ተማሪ የለም። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም፤ ስለዚህም በአንድ ቃል ልንዘጋው አንሞክርም። ይልቁንስ አንድ ትንሽ እንስሳ ወስደን ስሙ እንዴት እንደ ወጣለት፣ የት እንደሚገኝ፣ የስሙም መውጣት ምን እንዳስከተለ በየተራ እንመለከታለን። ከዚያ በኋላ አንባቢ የራሱን ፍርድ ይስጥ። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

እንስሳው በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች የሚኖረው ጥቁር ሳላማንደር ነው። ሳላማንደር በአገራችን ስለማይገኝ የአማርኛ ስም የለውም። ላላየው ሰው እንዲህ ብንል ይበቃል፤ ቅርጹ እንሽላሊት ይመስላል፤ አራት እግርና ረዘም ያለ ጅራት አለው። ነገር ግን የእንሽላሊት ቈዳ ደረቅና በቅርፊት የተሸፈነ ሲሆን፣ የሳላማንደር ቈዳ ቅርፊት የሌለው፣ እንደ እንቍራሪት ቈዳ እርጥብና ለስላሳ ነው። ስለዚህ በመልክ ለእንሽላሊት ቢቀርብም፣ በዝምድና ለእንቍራሪት ይቀርባል።

የዛሬ ሊቃውንት በየብስና በውሃ የሚኖሩትን እነዚህን እንስሳት በሦስት ይከፍሏቸዋል። አንደኛው ክፍል ጅራት የሌላቸው እንቍራሪቶችና ጉርጦች ናቸው፤ ሁለተኛው ጅራት ያላቸው ሳላማንደሮች ናቸው፤ ሦስተኛው እግር የሌላቸውና ትል የሚመስሉ፣ ሲሲሊያን የሚባሉት ናቸው። በአገራችን የመጀመሪያውና የሦስተኛው ክፍል እንስሳት ይገኛሉ፤ ሁለተኛው ግን የለም። ከሰሃራ በረሃ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ በሙሉ አንድም ሳላማንደር አይገኝም፤ በአህጉራችን የሚገኙት በሰሜኑ ጫፍ፣ በሞሮኮ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ ብቻ ነው። የጥቁሩ ሳላማንደር የቅርብ ዘመድ የሆነ፣ ቢጫ ነጠብጣብ ያለበት ሌላ ዝርያ ደግሞ በመካከለኛው ምሥራቅ ይኖራል፤ በሰሜን እስራኤል በገሊላና በቀርሜሎስ ተራራ ይታያል። ወገኑ ወደ እኛ የሚቀርበው እስከዚያ ድረስ ነው።

የጥንት ሰዎች ሳላማንደርን ከእሳት ጋር ያያይዙት ነበር፤ እሳት ውስጥ ገብቶ እሳቱን ያጠፋል ይሉ ነበር። በጥንት ዘመን በግሪክ ቋንቋ የተጻፈውና በእኛም ዘንድ በግእዝ ትርጕሙ ፊሳልጎስ ተብሎ የሚታወቀው መጽሐፍ በግሪኩ ቅጂ ይህንኑ ወሬ ይዟል። ነገሩ ከምን እንደ መጣ መገመት አያስቸግርም፤ ሳላማንደር በበሰበሰ ግንድ ሥር ይተኛል፤ ግንዱ ለማገዶ ተወስዶ ሲነድ እንስሳው ከጭሱ መካከል ሮጦ ይወጣል፤ ያየውም ሰው ከእሳት የተወለደ ይመስለዋል።

ወደ ሳይንሱ እንመለስ። ሊኔዎስ የተባለው ስዊድናዊ ሊቅ በ1758 የእንስሳትን ስም ዝርዝር ሲያወጣ፣ ቢጫ ነጠብጣብ ያለውን የአውሮፓ ሳላማንደር ከእንሽላሊቶች ጋር በአንድ ወገን አስገባው። በዓይን ብቻ ቢፈረድ የማይጠበቅ አልነበረም። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1768፣ ላውሬንቲ የተባለ የቪየና ሰው ሳላማንደሮችን ከእንሽላሊቶች ለይቶ የራሳቸውን ወገን ሰጣቸው። በዚያው መጽሐፉ የአልፕሱን ጥቁር እንስሳ ሳላማንድራ አትራ ብሎ ሰየመው። አትራ ማለት በላቲን ጥቁር ማለት ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ቃል ወገኑን፣ ሁለተኛው ዝርያውን ያመለክታል፤ የሰው ስም ከአባቱ ስም ጋር እንደሚጠራ ሁሉ፣ እዚህም ሁለቱ ቃላት አብረው ካልተጠሩ ስሙ ሙሉ አይሆንም።

የዚህ እንስሳ መኖሪያ ለምን እንደዚያ እንደ ሆነ ለመረዳት አስቀድሞ አወላለዱን ማወቅ ያስፈልጋል። አብዛኞቹ እንቍራሪቶች እንቍላላቸውን በውሃ ውስጥ ይጥላሉ፤ ከእንቍላሉም ጅራታም ጭንቍላ ይወጣል። ቢጫ ነጠብጣቡ የአውሮፓ ሳላማንደርም ጭንቍላዎቹን አብዛኛውን ጊዜ ወንዝ ዳር ሄዶ በውሃ ውስጥ ይወልዳል። ጥቁሩ የተራራ ሳላማንደር ግን ከውሃ ጋር የነበረውን ይህን ውል ጨርሶ አፍርሷል። ሴቷ ልጆቿን በሆድዋ ይዛ ታሳድጋለች፤ በመጨረሻም ሙሉ አካል ያላቸውን፣ በየብስ የሚራመዱ፣ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑ ልጆች ትወልዳለች። ብዙውን ጊዜ የምትወልደው ሁለት ብቻ ነው፤ ከእያንዳንዱ የማሕፀን ክፍል አንድ።

በሆድዋ ውስጥ ብዙ እንቍላሎች አሉ፤ ነገር ግን በየክፍሉ ለፅንስ የሚበቃው አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት ይሟሙና ለፅንሱ ቀለብ ይሆናሉ። ያም ሲያልቅ የእናቲቱ ማሕፀን ግድግዳ ራሱ ምግብ የሚሆኑ ሕዋሳትን ያበቅላል፤ ፅንሱም በትናንሽ ጥርሶቹ ያንን እየጋጠ ይኖራል። በዚህ ጊዜ ፅንሱ የውሃ እንስሳ ይመስል ትልልቅና ቀያይ የመተንፈሻ ስንጥቦች አሉት፤ ከመወለዱ በፊት ይጠፋሉ። ማሪ ፎን ሾቫን የተባለች ጀርመናዊት ተመራማሪ በ19ኛው መቶ ዓመት ያልተወለዱ ፅንሶችን ከእናታቸው ሆድ አውጥታ በውሃ ውስጥ ለማሳደግ ችላለች። የአያቶቻቸው የውሃ ኑሮ ከፅንሱ ገና ጨርሶ እንዳልጠፋ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

እርግዝናው እጅግ ረጅም ነው። በዝቅተኛው ተራራ ሁለት ዓመት ያህል ይፈጃል፤ ከፍ ባለውና ብርዱ በጠናበት ቦታ ሦስት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይደርሳል። ዝሆን እንኳ የምታረግዘው ለ22 ወር ያህል መሆኑን ስናስታውስ፣ ከአንድ የእጅ ጣት ብዙ የማይረዝመው የዚህ እንስሳ ነገር ያስደንቃል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። በከፍተኛው ተራራ በረዶው ለብዙ ወራት ስለማይነሣ እንስሳው ከዓመቱ ግማሹን ወይም ከዚያ የሚበልጠውን ከመሬት በታች ተኝቶ ያሳልፋል፤ ፅንሱም የሚያድገው በቀሪዎቹ አጫጭር የበጋ ወራት ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። መጀመሪያ፣ ኵሬም ወንዝም ስለማያስፈልገው፣ ውሃ በማይቈይበት የኖራ ድንጋይ ተራራ ላይ እንኳ ሊኖር ይችላል። ሁለተኛ፣ በሁለትና በሦስት ዓመት ሁለት ልጅ ብቻ የሚወልድ እንስሳ አንድ ጊዜ ከተመናመነ ቶሎ አይተካም። የመጀመሪያው ነገር ለምን በከፍታ ላይ እንደ ተስፋፋ ያስረዳል፤ ሁለተኛው ደግሞ ለምን ልናስብለት እንደሚገባ ያስረዳል።

አሁን ወደ ካርታው እንምጣ። ጥቁሩ ሳላማንደር በሁለት ሰፊ አካባቢዎች ይገኛል። ትልቁ አካባቢ አልፕስ ነው፤ ከስዊዘርላንድ ተነሥቶ በሊክተንስታይን፣ በደቡብ ጀርመንና በሰሜን ኢጣልያ አልፎ እስከ ኦስትሪያና እስከ ስሎቬኒያ ይዘረጋል። ሁለተኛው አካባቢ ከአድርያቲክ ባሕር ጎን ለጎን የሚሄደው የዲናር ተራሮች ሰንሰለት ነው፤ በዚያም በክሮኤሺያ፣ በቦስኒያና ሄርዞጎቪና፣ በሞንቴኔግሮ፣ በኮሶቮና በአልባኒያ እዚህም እዚያም ተበታትኖ ይኖራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከባሕር ወለል በላይ ከ800 እስከ 2000 ሜትር ባለው ከፍታ ነው፤ ከዚያ ከፍ ያለም ዝቅ ያለም ቦታ የተገኘበት ጊዜ አለ። ቀን ቀን በድንጋይና በግንድ ሥር ተደብቆ ይውላል፤ ሌሊትና ዝናብ ሲጥል ይወጣል። ጀርመንኛ ተናጋሪ የሆኑት ተራራማ ሰዎች «የዝናብ ሰውዬ» የሚሉት ስለዚህ ነው። ጠላት ቢመጣበት በሩጫ አያመልጥም፤ መከላከያው ከቈዳው የሚያመነጨው መርዝ ነው።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ አንድ ጥያቄ ያነሣል። ይህ እንስሳ ርቆ አይሄድም፤ ዕድሜውን ሁሉ ከተወለደበት ስፍራ ብዙ ሳይርቅ ይኖራል። ታዲያ ይህን ያህል አገር እንዴት ሊሞላ ቻለ? መልሱ ከበረዶ ዘመን ጋር የተያያዘ ነው። ከ20 ሺህ ዓመት ያህል በፊት የአልፕስን አብዛኛውን ክፍል ወፍራም የበረዶ ግግር ሸፍኖት ነበር። ከግግሩ በታች ሳላማንደር ሊኖር አይችልም። የተረፉት በዳር በዳሩ፣ በረዶው ባልደረሰባቸው ጕብታዎችና ሸለቆዎች የነበሩት ናቸው። አየሩ ሲሞቅና በረዶው ሲቀልጥ ከነዚህ መጠጊያዎች አንዳንዶቹ ወደ ባዶው አገር ቀስ በቀስ ተስፋፉ፤ አንዳንዶቹ ግን እዚያው በየተጠጉበት ቀሩ።

ይህን ታሪክ ከደማቸው ማንበብ ተችሏል ብንል ማጋነን አይሆንም። የዘር ውርስ ጥናት እንደሚያሳየው በሰሜኑና በመካከለኛው አልፕስ ያሉት በጣም ተመሳሳይ ናቸው፤ ሰፊ አገር የያዙት በቅርብ ጊዜ፣ ከጥቂት አባቶች በመሆኑ ነው። በደቡቡ ዳርቻ፣ ማለት በኢጣልያ በቬኔቶ አካባቢ ባሉት ተራሮችና በዲናር ሰንሰለት የሚገኙት ግን ከእነዚያም እርስ በርሳቸውም የተለዩ ናቸው። ሰፊው አገር አንድ ዓይነት ሲሆን ትንሹ ዳርቻ ብዙ ዓይነት ሆነ። ቦታ በመቍጠር ብቻ ሀብት እንደማይታወቅ ከዚህ እንማራለን።

ላውሬንቲ በ1768 የሰጠው አንድ ስም ይህን ሁሉ ለ2 መቶ ዓመት ያህል ጠቅልሎ ይዞት ነበር። ለዓይን ጥቁር የሆነ ሁሉ አትራ ነበር። ከዚያ በኋላ ስሙ መከፈት ጀመረ። በ1969 በቦስኒያና ሄርዞጎቪና ከፕሬኝ ተራራ የተገኙት ፕሬኝየንሲስ ተብለው እንደ ንኡስ ዝርያ ተጻፉ። ልዩነቱ ለዓይን ጥቂት ስለ ነበረ ስሙ ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ኖሯል። በ1982 ትሬቪሳን የተባለ ኢጣልያዊ በአዚያጎ አምባ ላይ ካለ አንድ ጫካ የተገኙትን፣ ራሳቸውና ጀርባቸው ቢጫ የሆነውን፣ አውሮሬ ብሎ ሰየማቸው። በ2005 ደግሞ ከዚያ ብዙ በማይርቀው በፓሱቢዮ ተራራ፣ ትናንሽ ቢጫ ነጠብጣቦች ያሉባቸው ተገኝተው ፓሱቢየንሲስ ተባሉ። ፓሱቢዮም አዚያጎም በአንደኛው የዓለም ጦርነት የኢጣልያና የኦስትሪያ ሠራዊት የተዋጉባቸው ተራሮች ናቸው። በዚያ ሁሉ ምሽግና መድፍ መካከል ሳላማንደሩ ስም ሳይኖረው ኖረ፤ ስም ያገኘው ጦርነቱ ካለቀ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው በ1988 የሆነው ነው። በኢጣልያና በፈረንሳይ ድንበር፣ የፖ ወንዝ በሚመነጭበት በሞንቪዞ ተራራ አካባቢ የሚኖረውም ጥቁር ሳላማንደር አትራ ይባል ነበር። እርሱም ጥቁር ነው፤ እርሱም በየብስ ላይ ይወልዳል። አራት ኢጣልያውያን ተመራማሪዎች ግን ፕሮቲኖቹን በኤሌክትሪክ ኀይል እየለዩ ሲመረምሩ፣ ልዩነቱ የአንድ ዝርያ ወንድማማቾች ልዩነት ሳይሆን የሁለት ዝርያዎች ልዩነት ሆኖ አገኙት። ሰውነቱም ከአትራ ይተልቃል። ቤኔዴቶ ላንዛ ለተባለው ኢጣልያዊ ሊቅ ክብር ሲሉ ሳላማንድራ ላንዛይ አሉት። አውሮፓ ዩኒቨርሲቲና ሙዚየም የሞላበት አህጉር ነው፤ እንዲያም ሆኖ አንድ ሙሉ ዝርያ በሌላው ስም ተሸፍኖ እስከ 1988 ድረስ ቈየ።

በዚህ ጊዜ «ታዲያ ዝርያና ንኡስ ዝርያ የሚለያዩት በምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። በቀላሉ ስናስቀምጠው፣ ሁለት ወገኖች በተፈጥሮ ሲገናኙ እየተዋለዱ የሚቀላቀሉ ከሆነ አንድ ዝርያ ናቸው፤ የማይቀላቀሉ ከሆነ ሁለት። ችግሩ የተራራ እንስሳት አለመገናኘታቸው ነው። የአዚያጎው ሳላማንደር ከፕሬኙ ጋር ቢገናኝ ይዋለድ ነበር ወይስ አይዋለድም የሚለውን ተፈጥሮ አልፈተነችውም። ስለዚህ ሊቃውንቱ የልዩነቱን መጠንና የተለያዩበትን ዘመን መዝነው ይፈርዳሉ፤ አንዳንዱ ማጠቃለል ይወዳል፣ አንዳንዱ መከፋፈል። ሁለቱም አደጋ አለው። አብዝቶ የሚከፋፍል በሌለ ልዩነት ላይ ስም ያበዛል፤ አብዝቶ የሚጠቀልል ደግሞ ያለውን ልዩነት ይሰውራል። መዳኛው ማስረጃ ማብዛት ነው፤ መልክ ብቻ ሳይሆን አወላለድ፣ ፕሮቲን፣ ዲ.ኤን.ኤ.፣ ካርታም አንድ ላይ መመስከር አለባቸው። ለማስረጃም ያህል መልኩን እንውሰድ። ቢጫ ሳላማንደር ከጥቁሩ የወጣ አዲስ ነገር ይመስላል። ተመራማሪዎች ግን የጥንቱ አባት ባለ ቀለም እንደ ነበረና ጥቁረቱ በኋላ የመጣ እንደ ሆነ ይገምታሉ። ዓይን መነሻ እንጂ ዳኛ እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

አሁን ወደ ተነሣንበት ክርክር እንመለስ፤ ስሙ ምን ጠቀመ? የአውሮፓ አገሮች ማኅበር በ1992 ስለ ዱር እንስሳትና ስለ መኖሪያቸው ጥበቃ ሕግ አወጣ። ሕጉ የሚሠራው በስም ዝርዝር ነው። የአዚያጎው አውሮሬ በዝርዝሩ ውስጥ፣ ያውም ቅድሚያ ከሚሰጣቸው እንስሳት ጋር ይገኛል። ስሙ በ1982 ባይወጣ ኖሮ «አንድ ጫካ ውስጥ ያሉ ቢጫ የሚመስሉ ሳላማንደሮች» ብሎ የሚጽፍ ሕግ አውጪ አይገኝም ነበር። ሰፊ አገር ካለው አትራ ጋር ተቈጥረው «ብዙ ናቸው፤ አያሳስቡም» ይባል ነበር። የፓሱቢዮው ደግሞ ስም ያገኘው በ2005 ስለ ሆነ፣ ሕጉ በወጣበት ቀን በራሱ ስም ሊጻፍ የሚችልበት መንገድ አልነበረም።

ነገሩ የወረቀት ብቻ እንዳይመስለን ሁለት ክሥተቶችን እንጥቀስ። በጥቅምት ወር 2018 ቫያ የተባለ ማዕበል በሰሜን ምሥራቅ ኢጣልያ ብዙ ደን ገርስሶ ጣለ፤ የአዚያጎ አምባም ከተመቱት አንዱ ነው። ግንድ ከወደቀ በኋላ የሚጎትተው ከባድ መኪና ይመጣል፤ ከባድ መኪና ደግሞ ከግንድና ከድንጋይ ሥር የሚተኛውን እንስሳ ከነመሬቱ ይደፈጥጣል። እንስሳው በዚያ እንዳለ የሚያውቅና ስሙን የሚጠራ ሰው ከሌለ፣ መኪናው ቀስ እንዲል የሚያዝ አይኖርም። ሁለተኛው ክሥተት የበሽታ ነው። በኔዘርላንድ ቢጫ ነጠብጣቡ ሳላማንደር ከ2010 ገደማ ጀምሮ በድንገት ያልቅ ጀመር። በ2013 ምክንያቱ ታወቀ፤ የሳላማንደርን ቈዳ የሚበላ የሻጋታ ወገን ነበር። ቀጥሎ በተደረገው ጥናት ከእስያ፣ እንስሳትን ለቤት ማሳመሪያ በሚያመላልሱ ነጋዴዎች በኩል ሳይመጣ እንዳልቀረ ተገለጸ። በኋላም በቤልጂየምና በጀርመን ታየ። ሰፊ አገር የያዘ እንስሳ በአንድ ቦታ ቢያልቅ በሌላ ቦታ ይተርፋል፤ በአንድ ጫካ ብቻ ያለው ግን ያ ጫካ ከተያዘ የሚተርፍበት ሌላ ስፍራ የለውም።

ይህ ሁሉ የባዕድ አገር ወሬ ነው እንዳይባል፣ ተራሮቻችንን እንመልከት። ሳላማንደር የለንም፤ ነገር ግን ሳላማንደሩን የለያየው ዓይነት ተራራ አለን። ስምጥ ሸለቆ ደጋችንን ለሁለት ሰንጥቆታል፤ ከባሌ እስከ ሰሜን ተራሮች ያለው ብርዳም ከፍታ በሞቃት ቈላ ተከብቦ እንደ ደሴት ቆሟል። በባሌ ተራሮች የምትኖር አንዲት ትንሽ ጉርጥ፣ በ1978 አሊስ ግራንዲሰን በተባለች ብሪታንያዊት ሊቅ ማልኮልሚ ተብላ የተሰየመችው፣ እንቍላሏን በኵሬ ውስጥ አትጥልም፤ ጭንቍላዎቿ በእርጥብ መሬት ላይ ያድጋሉ። እርስዋም እንደ አልፕሱ ሳላማንደር በተራራ ላይ ከውሃው ኑሮ በራሷ መንገድ ርቃለች።

ከዚህም በላይ በደጋው ሣር ውስጥ ስንራመድ ከእግራችን ሥር የሚዘሉት እንቍራሪቶች ለረጅም ጊዜ በጥቂት ስሞች ብቻ ይጠሩ ነበር። ኒውማኒ የሚለው ስም በብዙ አገር ያለውን ሁሉ ያጠቃልል ነበር። በቅርብ ዓመታት የተደረገው የዘር ውርስ ምርመራ በዚያ ስም ሥር በርካታ የተለያዩ ዝርያዎች ተሸፍነው እንደ ነበር አሳየ፤ በ2021 በታተሙ ጥናቶችም ስም ላልነበራቸው ስም ወጣ። የትኛው አሮጌ ስም ለየትኛው እንስሳ እንደሚገባ ለመለየትም፣ በሙዚየም ለብዙ ዘመን ተቀምጠው ከነበሩ ናሙናዎች ዲ.ኤን.ኤ. ማውጣት አስፈልጓል። አንድ ሰው ከብዙ ዓመት በፊት እንቍራሪት ይዞ፣ የያዘበትን ቦታና ቀን ጽፎ በጠርሙስ ባያስቀምጥ ኖሮ ይህ ሥራ ባልተቻለ ነበር።

እንግዲህ «እንስሳው ስም ቢወጣለትም ባይወጣለትም ይኖራል» የሚለው ክርክር ግማሹ እውነት ነው። እንስሳው ስም ሳይኖረው ለሺህ ዓመታት ኖሯል። ያ ግን ማንም ጫካውን በመኪና ሳይገባበት፣ ደጋው እስከ ጫፉ ሳይታረስ፣ በሽታም ከአህጉር ወደ አህጉር በመርከብና በአውሮፕላን ሳይጓዝ በነበረበት ጊዜ ነው። በዛሬው ዘመን መሬት የሚከፋፈለው፣ ገንዘብ የሚመደበው፣ ጥበቃ የሚታዘዘው በጽሑፍ ነው፤ በጽሑፉ ላይ ስሙ የሌለ ድርሻ የለውም። በርስት ክርክር ያደጉ አባቶቻችን ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል፤ በመዝገቡ ያልገባ ሰው መሬቱን ስንት ዓመት ቢያርስ ዳኛ ፊት ሲቀርብ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ስለዚህ በመስክ ትምህርት ጊዜ ከደጋ ወንዝ ዳር አንድ እንቍራሪት ይዘን ቦታውን፣ ቀኑንና ከፍታውን በካርድ ላይ እንድንጽፍ ስንታዘዝ፣ ካርዱን በጥድፊያ አንሙላው። «አዲስ አበባ አካባቢ» ብሎ የተጻፈ ካርድ ምንም አይናገርም፤ ወንዙን፣ ሸለቆውን፣ ሜትሩን የያዘ ካርድ ግን እኛ ከተመረቅን ከ50 ዓመት በኋላም ይመሰክራል።